የአገር ውስጥ ምርት ቅድሚያና የውጭ አገር ላኪ ዕድል በመንግሥት ጨረታ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በማናቸውም አገር ቢሆን መንግሥትን የሚያህል ገዥ የለም። ወታደሩን ያለብሳል፤ ሆስፒታሉን መድኃኒት ያስይዛል፤ መንገድ ያሠራል፤ ለጽሕፈት ቤቶቹ ከወረቀት አንሥቶ እስከ ኮምፒዩተር ያቀርባል። ይህ ሁሉ የሚገዛው ከሕዝብ በተሰበሰበ ግብር ስለሆነ፣ ግብር ከፋዩ «የከፈልሁት ገንዘብ ለማን እንጀራ ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለዚህ ጥያቄ ብዙ መንግሥታት የሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ገንዘብ በቅድሚያ የአገር ውስጥ ምርት ይገዛበት የሚል ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ ቆራሹ መንግሥት ሲሆን ለወገኑ ማድላቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከገበታው ዳር ቆሞ ድርሻውን የሚጠባበቀው የውጭ አገር ላኪ ግን ምን ያህል እንደሚደርሰው፣ ከነጭራሹም ይደርሰው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ስለዚሁ ነው። ጉዳዩ እኛን በሁለት ወገን ይነካናል። በአንድ ወገን ቡናችንን፣ ቆዳችንንና ልብሳችንን ለውጭ ገበያ የምናቀርብ ላኪዎች ነን። በሌላው ወገን የራሳችን የግዥ ሕግ ለአገር ውስጥ ምርት ልዩ አስተያየት የሚያደርግ በመሆኑ፣ ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ የጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጣችሁ ይህንኑ ሚዛን በእጃችሁ ትይዛላችሁ።

ለምሳሌ የመረጥሁት የአሜሪካን ሕግ ነው። የመረጥሁበትም ምክንያት ሕጉ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ቁጥሮቹ በግልጽ የተጻፉ፣ ከዚህም በላይ የእኛን አገር በስም የሚጠራ በመሆኑ ነው። አስቀድሜ ልናገር የምወደው አሳቤም የሚከተለው ነው፦ ትንሹን ላኪ ከመንግሥት ጨረታ የሚያስቀረው በሕጉ ራስጌ የተጻፈው መቶኛ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የበለጠ የሚያስቀረው፣ በሩ የሚከፈትበት የትእዛዝ መጠንና እሱ ሊሸከም የሚችለው የትእዛዝ መጠን አለመገናኘታቸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ አመጣጥ

አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ፣ ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ ሥራ ፈቱ ሕዝብ በየጎዳናው ተሰልፎ በነበረበት ዘመን፣ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ሥልጣናቸውን ለፍራንክሊን ሩዝቬልት ከማስረከባቸው ከአንድ ቀን በፊት፣ ማርች 3 ቀን 1933 ላይ አንድ ሕግ ፈረሙ። የአሜሪካን ምርት የመግዛት ሕግ የሚባለው ይህ ነው። ሕጉ የፌዴራሉ መንግሥት በአገር ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት የሚገዛው ዕቃ በአሜሪካ የተመረተና «በአብዛኛው» ከአሜሪካ ጥሬ ዕቃና ክፍሎች የተሠራ ይሁን ይላል። ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆነው ዕቃው በአገር ውስጥ በበቂ መጠን የማይገኝ ሲሆን፣ ዋጋው ከልክ ያለፈ ሲሆን፣ ወይም ግዥው ከሕዝብ ጥቅም ጋር የሚጋጭ ሲሆን ነው።

ይሁን እንጂ «በአብዛኛው» ማለት ስንት ነው? «ከልክ ያለፈ ዋጋ» የሚባለውስ ስንት ሲሆን ነው? ሕጉ ይህን አልተናገረም። መልሱ የተሰጠው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባወጡት ትእዛዝ ነው። በዚህ ትእዛዝ መሠረት የአንድ ዕቃ የውጭ አገር ክፍሎች ዋጋ ከጠቅላላው የክፍሎች ዋጋ ከመቶ 50 ካልደረሰ፣ ዕቃው የአገር ውስጥ ምርት ይባላል። የውጭ ዕቃ ዋጋ ከአገር ውስጡ ጋር በሚወዳደርበት ጊዜም ከመቶ 6 ይጨመርበታል። በኋላ ተወዳዳሪው ትንሽ የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን ጭማሪው ከመቶ 12 እንዲሆን ተደርጓል። የመከላከያ ሚኒስቴር በበኩሉ ከመቶ 50 ይጨምራል።

እነዚህ ቁጥሮች ለስድሳ አምስት ዓመታት ያህል ብዙ ሳይነኩ ኖሩ። በ2019 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝ የአገር ውስጥ ክፍሎች ድርሻ ወደ ከመቶ 55፣ ለብረታ ብረት ምርት ደግሞ ወደ ከመቶ 95 ከፍ እንዲል ተደረገ፤ የዋጋው ጭማሪም ከመቶ 6 ወደ 20፣ ከመቶ 12 ወደ 30 ዘለለ። በ2021 የተተኩት ፕሬዚዳንት ባይደን በሌላው ጉዳይ ሁሉ ከእሳቸው ጋር ባይስማሙም፣ በዚህ መንገድ ግን ወደፊት ቀጠሉ። በኦክቶበር 2022 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የአገር ውስጥ ክፍሎችን ድርሻ ወደ ከመቶ 60 አደረሰው፤ በ2024 ወደ 65 ከፍ አደረገው፤ ለ2029 ደግሞ 75 ብሎ ወሰነ። በ2021 መጨረሻ የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግም ተመሳሳይ ግዴታን ክልሎችና ከተሞች በፌዴራል ገንዘብ ወደሚሠሯቸው መንገዶች፣ ድልድዮችና የውሃ መሥመሮች ሁሉ አስፋፋው። ከዚህ የምንረዳው የአገር ውስጥ ቅድሚያ የአንድ ፓርቲ ወይም የአንድ መሪ ዝንባሌ አለመሆኑን ነው። መሪ ሲለወጥ ይላላል ብሎ የሚጠብቅ ላኪ ብዙ ይቆያል።

እዚህ ላይ «የዓለም ንግድ ስምምነቶች ይህን አይከለክሉምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አይከለክሉም። የ1947ቱ የታሪፍና የንግድ ጠቅላላ ስምምነት (ጋት) በአንቀጽ 3 የውጭና የአገር ውስጥ ዕቃ በእኩል ዓይን ይታይ ብሎ ሲያበቃ፣ በዚያው አንቀጽ ቁጥር 8 ላይ የመንግሥትን ግዥ ለይቶ አስቀርቶታል። የተተወውን ክፍተት ለመሙላት በ1979 የመንግሥት ግዥ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1994 በማራኬሽ ታድሶ በ1996 ሥራ ላይ ዋለ፤ እንደገና ተሻሽሎ በ2014 ጸና። ነገር ግን ይህ ስምምነት የሚያስተሳስረው የፈረሙትን አገሮች ብቻ ነው።

ዋጋው እንዴት ይመዘናል?

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ አንድ የውጭ አገር ላኪ ቀረጥን ጨምሮ 100,000 ዶላር፣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ 115,000 ዶላር አቀረቡ እንበል። በቀድሞው ደንብ የላኪው ዋጋ ለውድድር ያህል 106,000 ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ጨረታውን ያሸንፋል። በአሁኑ ደንብ 120,000 ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ይሸነፋል። የአገር ውስጡ ተወዳዳሪ ትንሽ ድርጅት ቢሆን ኖሮ የላኪው ዋጋ 130,000፣ ገዥው የመከላከያ ሚኒስቴር ቢሆን ኖሮ 150,000 ሆኖ ይቆጠር ነበር። ልብ በሉ፤ ጭማሪው ለማወዳደሪያ ብቻ የሚያገለግል እንጂ ማንም የሚከፍለው ገንዘብ አይደለም። መንግሥት በመጨረሻ የሚከፍለው 115,000 ዶላር ነው፤ ማለትም በ100,000 ሊገዛው ይችል ለነበረው ዕቃ 15,000 ዶላር አብልጦ ይከፍላል።

ላኪው ከዚህ ምን ይማራል? ባለ 115,000ውን ተወዳዳሪ ለማሸነፍ በቀድሞው ደንብ ከ108,490 ዶላር በታች ማቅረብ ይበቃው ነበር፤ ዛሬ ከ95,833 በታች መውረድ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ከ12,000 ዶላር በላይ የሆነ ልዩነት፣ ለብዙ ላኪዎች ትርፋቸው በሙሉ የሚገኝበት ቦታ ነው። ስለሆነም ዋጋውን አስቀድሞ አስልቶ ደንቡን በኋላ የሚያነብ ላኪ፣ ፖስታው ሳይከፈት ተሸንፏል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ዕቃው የማን ነው?

ከዋጋው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የሥሪት አገር ጥያቄ ነው። አሜሪካ ለዚህ ሁለት ሚዛን አላት። በ1933ቱ ሕግ የሚሠራበት ሚዛን የክፍሎችን ዋጋ ይቆጥራል። በ1979 በወጣው የንግድ ስምምነቶች ሕግ የሚሠራበት ሚዛን ግን ክፍሎችን አይቆጥርም፤ ዕቃው አዲስ ስም፣ አዲስ ጠባይና አዲስ አገልግሎት እንዲያገኝ ያደረገው መሠረታዊ ለውጥ የት አገር ተፈጸመ? ብሎ ይጠይቃል።

ሁለቱ ሚዛኖች ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳይ አንድ የፍርድ ጉዳይ አለ። በሕንድ የተሠራን የመድኃኒት ንጥረ ነገር በኒው ጀርሲ ወደ እንክብል የለወጠ ፋብሪካ ምርት የየት አገር ነው? የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2020 ፍርዱን ሰጠ። ፍርድ ቤቱ መታየት ያለበት የሚገዛው ዕቃ፣ ማለትም እንክብሉ እንጂ ንጥረ ነገሩ እንዳልሆነ፣ እንክብሉም በአሜሪካ የተሠራ እንደሆነ ወሰነ። ለሕንድ ንጥረ ነገር ላኪዎች ይህ ፍርድ ታላቅ በር ከፈተ፤ እንክብሉን ራሱን በሕንድ ሠርቶ ለሚልከው ግን ምንም አልጠቀመውም።

የማስረጃው ሸክም በላኪውና በወኪሉ ላይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ተጫራቹ ስለ ዕቃው ሥሪት አገር በፊርማው ያረጋግጣል። ያረጋገጠው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ በ1863 በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ በወጣው የሐሰት ክፍያ ጥያቄ ሕግ መሠረት መንግሥት የደረሰበትን ጉዳት ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል። ስለዚህ አሜሪካዊው አስመጪ ከላኪው የሚፈልገው ርካሽ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ክሩ የተፈተለበትን፣ ቆዳው የለፋበትን ቦታ የሚያሳይ ሰነድም ይፈልጋል። ሰነድ የሌለው ላኪ ዕቃው ምንም ቢያምር አይፈለግም።

በሩና የበሩ ቁመት

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደርሻለሁ። የ1979ኙ ሕግ ስምምነቱን የፈረሙ አገሮችን፣ ነፃ የንግድ ውል ያላቸውን አገሮችና በልማት ወደ ኋላ የቀሩ ተብለው የተዘረዘሩትን አገሮች ከዋጋ ጭማሪው ነፃ ያደርጋል። በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ በስም ተጽፋለች። እስራኤልም የስምምነቱ አባል በመሆኗ የነፃነቱ ተካፋይ ናት። ቻይናና ሕንድ ግን በዝርዝሩ የሉም፤ ስለዚህ ሕጉ በሚሸፍናቸው ግዥዎች የእነሱ ዕቃ ከናካቴው እንዳይገዛ ተከልክሏል። እንግዲህ ወረቀቱን ብቻ ለሚያነብ ሰው፣ የአዲስ አበባ ላኪ በዋሺንግተን ጨረታ ከሻንጋይና ከሙምባይ ላኪ የበለጠ መብት አለው። በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት በወጣች ጊዜ እንኳ ይህ ስማችን አብሮ አልተፋቀም፤ የቀረጥ በርና የግዥ በር የተለያዩ ናቸውና።

ታዲያ በሩ ክፍት ከሆነ ለምን አንገባበትም? የበሩን ቁመት እንመልከት። ይህ ነፃነት የሚጀምረው ግዥው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው። መጠኑ በየሁለት ዓመቱ የሚከለስ ሲሆን፣ ለ2024 እና ለ2025 በዕቃ ግዥ 174,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በታች ያለ ግዥ፣ እጅግ አነስተኛ ካልሆነ በቀር፣ ተመልሶ በ1933ቱ ሕግና በዋጋ ጭማሪው ሥር ይወድቃል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ለትናንሽ የአሜሪካ ድርጅቶች የተከለሉ ግዥዎች አሉ፤ ለእነዚህ የንግድ ስምምነቱ ነፃነት አይሠራም። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ብቁ ትናንሽ ድርጅቶች በተመጣጣኝ ዋጋ ይወዳደራሉ ተብሎ ከታመነ፣ ለአነስተኛ ግዥ ከተመደበው ጣራ በታች ያለው ጨረታ በደንቡ መሠረት ለእነሱ ይከለላል። ጣራው በ2020 ወደ 250,000 ዶላር ከፍ ያለ ሲሆን፣ በኦክቶበር 2025 ወደ 350,000 አድጓል። የንግድ ስምምነቱ መነሻ ከዚህ ጣራ በታች መሆኑን ልብ በሉ፤ በሩ በሕግ ከተከፈተ በኋላም በሌላ መጋረጃ ይሸፈናል ማለት ነው።

ውጤቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ የሲቪል መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የ60,000 ዶላር የቆዳ ጓንት ሊገዛ ጨረታ አወጣ እንበል። ይህ ትእዛዝ ለአንድ መካከለኛ የኢትዮጵያ ፋብሪካ የሚመጥን ነው፤ በጥራት ሠርቶ በጊዜው ሊያስረክበው ይችላል። ነገር ግን ጨረታው ከመነሻው በታች ስለሆነ አገሩ በዝርዝር ውስጥ መጻፏ አይረዳውም፤ ትንሽ አሜሪካዊ ነጋዴ ጓንቱን ይዞለት ቢቀርብ እንኳ የዋጋው ጭማሪ ይከተለዋል። በተቃራኒው የ2,000,000 ዶላር ትእዛዝ ቢወጣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ያንጊዜ ግን ፋብሪካው ለዚያ የሚሆን ጥሬ ቆዳ፣ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብና የውል ማስከበሪያ ዋስትና አያገኝም። ሊሠራው የሚችለው ተከልክሏል፤ የተፈቀደለትን ሊሠራው አይችልም። በሕግ የተሰጠ መብት በተግባር ባዶ ሆኖ የሚቀረው እንዲህ ነው።

ጥሬው ይገባል፣ የተሠራው ይጠየቃል

ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። ከላይ እንደጠቀስሁት፣ በአገር ውስጥ በበቂ መጠን የማይገኝ ዕቃ ከግዴታው ነፃ ነው። በፌዴራሉ የግዥ ደንብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታትሞ በኖረው የዚህ ዓይነት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ያልተቆላ ቡና አለ፤ በጅምላ የሚሸጥ ሻይ አለ፤ የፍየል ቆዳ አለ፤ ሱፍ ሳይሆን ፀጉር የሚያበቅለው በግ የሚሰጠው ቆዳም አለ። ይህ በግ የእኛ አገር በግ ነው፤ ቆዳውም ለጓንት ሥራ በዓለም የታወቀ ነው። ዝርዝሩን ያየ ሰው ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ መዝገብ የተቀዳ ሊመስለው ይችላል።

ደስ ከመሰኘታችን በፊት ግን አንድ ቃል እናጢን። ነፃ የሆነው ያልተቆላው ቡና ነው። በደንቡ መሠረት በዝርዝሩ ያለ ጥሬ ዕቃ በአሜሪካ በተሠራ ምርት ውስጥ ሲገባ እንደ አገር ውስጥ ክፍል ይቆጠራል። ስለሆነም የሲዳማን ወይም የይርጋጨፌን ቡና ገዝቶ በአሜሪካ የሚቆላ ድርጅት ለመንግሥት የሚያቀርበው ምርት የአሜሪካ ምርት ነው። ያንኑ ቡና አዲስ አበባ ቆልቶና አሽጎ የሚልከው ኢትዮጵያዊ ግን፣ ከመነሻው በታች በሆነ ግዥ ሁሉ የውጭ ዕቃ አቅራቢ ነው፤ በዋጋውም ላይ ጭማሪው ይጫንበታል። ቆዳውና ጓንቱም እንዲሁ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች እኛን ለመጉዳት አስበው አይደለም፤ የራሳቸውን ቆይና ሰፊ ሊጠብቁ ፈልገው ነው። ይሁን እንጂ ሚዛኑ ጥሬውን በእልልታ አስገብቶ፣ ሥራ የተጨመረበትን በር ላይ አቁሞ ይጠይቃል። ጥሬ ዕቃ ከመላክ ወደተሠራ ዕቃ ለመሸጋገር ለዘመናት ስንመኝ ለኖርን ሕዝብ ይህን ማወቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ልብስን በሚመለከት ደግሞ ሕጉ ከዚህም ይጠብቃል። በ1941 የወጣውና በኋላ በሕዝብ እንደራሴው በኤሊስ ቤሪ ስም የተጠራው ድንጋጌ፣ የመከላከያ ሚኒስቴር የሚገዛው ልብስና ጨርቅ ከክሩ ጀምሮ በአሜሪካ የተሠራ እንዲሆን ያዛል። በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋ ልብስ ለአሜሪካ መደብሮች ሊሸጥ ይችላል፤ ለአሜሪካ ወታደር ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይገዛም። ለዚህ ገበያ ዋጋ ሲያሰላ የሚውል ላኪ ጊዜውን ያባክናል።

ሌሎች ላኪዎች ምን አደረጉ?

አቅም ያላቸው ላኪዎች ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔ አግኝተዋል። የመጀመሪያው ወደ ገበያው ውስጥ መግባት ነው። በፌዴራል ገንዘብ የሚገዛ የከተማ ባቡርና አውቶቡስ ከ2020 ጀምሮ ከመቶ 70 በላይ በሆኑ የአሜሪካ ክፍሎች እንዲሠራና በዚያው እንዲገጣጠም ስለሚያስፈልግ፣ የጀርመኑ ሲመንስ በሳክራሜንቶ፣ የጃፓኑ ካዋሳኪ በሊንከን፣ የፈረንሳዩ አልስቶም በሆርኔል ፋብሪካ ይዘው ይሠራሉ። እነዚህ ድርጅቶች ባቡር መላካቸውን ትተው ባቡር መሥራቱን ወደ ገዥው ቤት ወስደዋል።

ሁለተኛው መፍትሔ መንግሥት ለመንግሥት መነጋገር ነው። በ2009 የአሜሪካ የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ለሕዝብ ሥራዎች የአገር ውስጥ ብረትና ፋብሪካ ውጤት ብቻ ይገዛ ባለ ጊዜ፣ የካናዳ ላኪዎች ለዓመታት ካቀረቡባቸው ከተሞች ድንገት ተዘጉ። የካናዳ ከተሞችም በአጸፋው የአሜሪካን ዕቃ ላለመግዛት ተነሡ። በፌብሩዋሪ 2010 ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ፤ ካናዳ የክፍለ ሀገሮቿን ግዥ ከፈተች፣ አሜሪካም ከግዴታው በከፊል ነፃ አደረገቻት። ካናዳ የተሰማችው በምላሹ የምታቀርበው ገበያ ስለነበራት ነው።

እኛ በሳክራሜንቶ ፋብሪካ የምንተክልበት ካፒታል፣ ወይም የምንደራደርበት የካናዳን ያህል ገበያ የለንም። ያለን መንገድ ሌላ ነው፤ እሱም በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ የበሩን ቁመት በአንድነት መድረስ። የላኪዎችና የአምራቾች ማኅበራት ትእዛዝ ተካፍለው፣ በአንድ የጥራት ደረጃና በአንድ ሰነድ ከቀረቡ፣ አንዱ ብቻውን የማይደፍረውን የ2,000,000 ዶላር ውል አሥር ሆነው ሊሸከሙት ይችላሉ፤ የገበሬዎች ዩኒየኖች በቡና ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያዋጣውን ገበያ መምረጥ። የ1933ቱ ሕግ የሚመለከተው በአሜሪካ ምድር ለሚውል ዕቃ በመሆኑ፣ ከአገሩ ውጭ ላሉ መሥሪያ ቤቶቹ የሚገዛው በዚህ ሕግ አይታሰርም። ሦስተኛ፣ ሰነድን እንደ ምርቱ አካል መቁጠር። የሥሪት አገር ማስረጃው ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመረት እንጂ ጨረታ ሲወጣ የሚፈለግ መሆን የለበትም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ የሰውን ሚዛን ስንመረምር የራሳችንን እንዳንረሳ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ለአገር ውስጥ ምርት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ፈቀደ። ተከትሎት የወጣው መመሪያ ለመድኃኒትና ለሕክምና መሣሪያ ከመቶ 25፣ ለሌሎች ዕቃዎች ከመቶ 15፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት ከመቶ 7.5 መደበ፤ ዕቃው የአገር ውስጥ ለመባልም ከዋጋው ከመቶ 35 በላይ በአገር ውስጥ የተጨመረ እንዲሆን ጠየቀ። የዓለም ባንክም በሚያበድረው ገንዘብ በሚካሄድ ጨረታ ለዕቃ ከመቶ 15፣ ለግንባታ ከመቶ 7.5 ሲፈቅድ ኖሯል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ቢተካም፣ ከዚህ ልማድ የሚነሣው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

ጥያቄውም ይህ ነው፦ ከመቶ 25 ስንፈቅድ ምን እየከፈልን ነው? 1,000,000 ብር የመድኃኒት በጀት ያለው ሆስፒታል፣ ልዩ አስተያየቱ እስከ ጫፉ ከተሠራበት፣ ቀድሞ በ800,000 ብር ይገዛው የነበረውን ብቻ ይገዛል። አምስተኛው እጅ የፋብሪካ ማሳደጊያ ሆነ ማለት ነው። ፋብሪካው በእርግጥ ካደገ፣ የውጭ ምንዛሪ ካዳነ፣ በችግር ጊዜ ከደረሰልን፣ ወጪው በከንቱ አልሄደም። ካላደገ ግን ያንን አምስተኛ እጅ የከፈለው በሽተኛው ነው። የትኛው እንደሆነ የምናውቀው መዝግበን ከያዝን ብቻ ነው።

የተሰወረም ወጪ አለ። ሚዛኑ እንዴት እንደሚሠራ በጨረታ ሰነዱ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ቁምነገረኛው የውጭ ላኪ ወይ ስጋቱን በዋጋው ላይ ይጨምራል፣ ወይ ሳይመጣ ይቀራል። ተጫራች ሲያንስ የአገር ውስጡም አምራች ዋጋውን ለመቀነስ አይገደድም። ልዩ አስተያየት የተሰጠው ፋብሪካ እንዲወዳደር እንዲረዳው ነውና፣ የሚወዳደረው ካጣ ትርጉሙም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ በየጨረታ ኮሚቴው ለምትገኙ አባላት ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የልዩ አስተያየቱ ልክና ስሌቱ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ በምሳሌ ጭምር ይጻፍ። ልዩ አስተያየት ባሸነፈበት ውል ሁሉ በትርፍ የተከፈለው ገንዘብ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ በዓመቱ መጨረሻም ይደመር። በአገር ውስጥ ተጨመረ የተባለው ዋጋም በፊርማ ብቻ ሳይሆን በሰነድ ይረጋገጥ። እነዚህ ሦስቱ አዲስ አዋጅ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት የሙያ ጥንቃቄ ነው።

የውጭው ላኪ ለምን ተሸነፍሁ ብሎ ሲጠይቅ ቁጥሩን ከፍተን ልናሳየው ከቻልን፣ እኛም በሰው አገር ጨረታ ያንኑ ግልጽነት ለመጠየቅ ድፍረት ይኖረናል። ይህ ማኅበርም ላኪውንና ገዥውን በአንድ አዳራሽ ያስቀመጠ በመሆኑ፣ የሁለቱን ሚዛን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማየት ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል።